ከኋላችን ለሚመጣው የሚበራ መብራት

ሰው ራሱ ሊያየው በማይችለው ጕድለት ይጠየቃልን? ይህ ጥያቄ ከጥንት ጀምሮ ሊቃውንትን ሲያከራክር የኖረ ነው። እኛም ዛሬ ይህንኑ ለመመርመር ስንነሣ፥ ከታላላቅ ነገሮች ሳይሆን ከአንድ ትንሽና ከተናቀ ዕቃ፥ ማለት በአሮጌ መኪና ጀርባ ላይ ካለው የፍሬን መብራት ልንጀምር ወደድን። ነገሩ ለአንዳንዱ አንባቢ ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል። ይሁን እንጂ ትንሹ ነገር ትልቁን የሚገልጥበት ጊዜ ብዙ ነው፤ የአንድ ሰው ሕይወትም ብዙ ጊዜ በትንሽ ነገር ላይ ተንጠልጥሎ ይገኛል።

ከጎንደር በአዘዞና በአይከል አልፎ ወደ ገንደ ውሃ፥ ከዚያም ወደ መተማ ዮሐንስ የሚወርደውን መንገድ ከአንባብያን ብዙዎች ያውቁታል። ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ደጋ ተነሥቶ ወደ 700 ሜትር ያህል ከፍታ ወዳለው ቆላ ይወርዳል። መተማ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1881 ዓ.ም. የወደቁባት ስፍራ ናት፤ ስሟም ይህንኑ ይመሰክራል። ከድንበሩ ማዶ ገላባት አለች፤ ከገላባት 150 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ደግሞ ገዳሪፍ ትገኛለች። የገዳሪፍ ሜዳ በትራክተር መታረስ የጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1940ዎቹ ዓመታት ነው፤ አገሩም ከዚያ ወዲህ በማሽላና በሰሊጥ የታወቀ ሆኗል። በመከር ጊዜ እህል የጫነ ካሚዮን፥ ትራክተር የሚጎትተው ተሳቢ፥ ሰው የሞላበት አሮጌ ፒክ አፕ፥ በአህያ የሚሳብ ጋሪና የግመል መንጋ በአንድ መንገድ ይገናኛሉ። በቀን ከሙቀቱ የተነሣ መጓዝ ስለሚከብድ ብዙዎች ምሽቱን ይመርጣሉ። በምሽትም ከፊት ያለው ሁሉ ለኋለኛው ጥላ ብቻ ነው።

በዚህ ድንበር ላይ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ታሪክ አለ። ኢትዮጵያ ከመንገድ ግራ ወደ ቀኝ መንዳት የተሻገረችው በ1956 ዓ.ም. ነው፤ ሱዳን ግን ይህን ያደረገችው በ1965 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ በመካከሉ ባሉት ዘጠኝ ዓመታት ከመተማ ወደ ገላባት የሚያልፍ ነጂ ድንበሩን በተሻገረ ጊዜ ወገኑን መለወጥ ነበረበት። በአንዱ አገር ትክክል የነበረው በሌላው አገር ለሞት የሚያበቃ ስሕተት ይሆንበት ነበር። ቀኝና ግራ የሰዎች ስምምነት ናቸውና። ነገር ግን በዚያም ዘመን ቢሆን ከፊት ባለው መኪና ጀርባ ቀይ መብራት ደምቆ ሲበራ ትርጕሙ በሁለቱም ወገን አንድ ነበረ፤ «እያቆምሁ ነኝና ተጠንቀቅ» ማለት ነው። በገዳሪፍ ገበያ ዐረብኛ፥ አማርኛ፥ ትግርኛና ሐውሳ ይሰማል፤ ይህ መብራት ግን አስተርጓሚ የማይሻ ቃል ነው። ቃልም ከሆነ ሊታመን ይገባዋል።

የፍሬን መብራት ከመኪና መብራቶች ሁሉ በአንድ ነገር ይለያል። የፊቱ መብራት ለነጂው መንገዱን ያሳየዋል፤ ቢጠፋበት ወዲያው ያውቃል፥ ይጨነቃል፥ ያስጠግናልም። በውስጥ ያሉት ትንንሽ መብራቶች ስለ ዘይትና ስለ ሙቀት ይነግሩታል። የፍሬን መብራት ግን ለባለቤቱ አንዳች አይጠቅመውም። አያሞቀውም፥ መንገዱንም አያበራለትም፤ ቢጠፋም መኪናው እንደ ወትሮው ይሄዳል፥ እንደ ወትሮውም ይቆማል። የሚያገለግለው ከኋላ የሚመጣውን፥ ስሙ የማይታወቀውንና ፊቱ የማይታየውን መንገደኛ ብቻ ነው። እንግዲህ ሰው ስለ ባልንጀራው ያለውን አሳብ ለመፈተን ከዚህ የተሻለ ሚዛን ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ ለራሳችን ጥቅም የምንጠግነውንና ለሌላው ስንል ብቻ የምንጠግነውን ይህ መብራት ይለየዋልና።

ነገሩን በሚገባ ለመረዳት አሠራሩን ማወቅ ይጠቅማል። በአሮጌ መኪና የሚገኘው የኋላ አምፖል ብዙ ጊዜ በአንድ ብርጭቆ ውስጥ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉት። አንዱ 5 ዋት የሚሆን ሲሆን በሌሊት ሳያቋርጥ ይበራል፤ ሁለተኛው 21 ዋት የሚሆን ሲሆን ነጂው ፍሬን በረገጠ ጊዜ ብቻ ይበራል። በመንገድ ትራፊክ ላይ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1968 በቪየና የተፈረመው የመንግሥታት ስምምነትም የፍሬኑ መብራት ከኋላው መብራት ይልቅ በግልጥ የደመቀ እንዲሆን ያዛል። ነጂው ፔዳሉን ሲረግጥ አንዲት ትንሽ ማብሪያ ኤሌክትሪኩን ታገናኛለች። በአንዳንዱ መኪና ይህች ማብሪያ በፔዳሉ ክንድ አጠገብ ናት፤ በአገራችን በጣም በታወቀው በአሮጌው ቮልስዋገን ግን በፍሬን ዘይት ግፊት የምትሠራ ነበረች። እንዲህ ያለችው ማብሪያ ስታረጅ ነጂው ፔዳሉን አጥብቆ ካልረገጠ አታበራም፤ ቀስ ብሎ ሲያቆም ዝም ትላለች።

ጕድለቱ የሚመጣበት መንገድ ብዙ ነው። ኮረኮንቹ የአምፖሉን ቀጭን ሽቦ አንቀጥቅጦ ይበጥሰዋል። በክረምት የዋልካው ጭቃ ይለጠፋል፥ ውኃም ይገባል፤ ከዚያም ዝገት ይበላዋል። የፊውዙ መቃጠል፥ የማብሪያዋ መበላሸት፥ የሽቦው መላጥም አለ። ከሁሉ ይልቅ አሳሳቹ ግን ኤሌክትሪኩ ወደ መኪናው አካል የሚመለስበት ግንኙነት በዝገት የተዘጋ እንደ ሆነ ነው። ያን ጊዜ ኤሌክትሪኩ መመለሻ ፍለጋ በሌላው አምፖል በኩል ይዞራል፤ ስለዚህ ፍሬን ሲረገጥ የማይገባው መብራት ደብዘዝ ብሎ ይበራል፥ ወይም ፍሬቻው ከፍሬኑ ጋር ይደናገራል። ይህን የማያውቅ ሰው አምፖል ደጋግሞ ይለውጣል፤ ነገሩ ግን አይስተካከልም።

መድኃኒቱም ያን ያህል ከባድ አይደለም። አስቀድሞ ቀዩን ክዳን በካቻቢቴ ፈትቶ አምፖሉን ማየት ነው፤ ቀጭኑ ሽቦ ተበጥሶ ወይም ብርጭቆው ጠቍሮ ከሆነ መለወጥ ነው። ሁለቱ የአምፖሉ ጉጦች ከፍታቸው እኩል ያልሆነው አምፖሉ ተገልብጦ እንዳይገባ ስለ ሆነ፥ በግድ መጠምዘዝ አይገባም። አምፖሉ ደኅና ከሆነ ፊውዙን፥ ፊውዙም ደኅና ከሆነ ማብሪያዋን መፈተን ነው፤ ሁለቱን የማብሪያዋን ሽቦዎች ለጊዜው በአጭር ሽቦ ሲያገናኟቸው መብራቱ ከበራ ጥፋቱ የማብሪያዋ ነው። ይህም ሁሉ ካልሆነ የአምፖሉን ማቀፊያና ከመኪናው አካል ጋር የሚገናኝበትን ስፍራ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ማጽዳት ነው። ብዙ ጊዜ ሥራው በዚህ ያበቃል።

ነገር ግን ከጥገናው በፊት ማወቅ ይቀድማል፤ የጥያቄያችንም ልብ ያለው በዚህ ላይ ነው። ነጂው በመቀመጫው ሳለ ፔዳሉን ይረግጣል እንጂ ጀርባውን አያይም፤ ወርዶ ሲያይ ደግሞ ፔዳሉን የሚረግጥ የለም። ስለዚህ ይህን ምርመራ ሁለት ሰዎች ይሠሩታል፤ አንዱ ይረግጣል፥ ሁለተኛው ከኋላ ቆሞ ይመለከታል። ረዳት የሌለው ሰው ሲመሽ መኪናውን ወደ ግድግዳ አስጠግቶ የቀዩን ብርሃን ነጸብራቅ ሊያይ ይችላል። በሌላ አነጋገር፥ ሰው ስለ ራሱ ጀርባ እውነቱን ለማወቅ ወይ ጓደኛ ወይ ግድግዳ ያስፈልገዋል።

እንግዲህ ወደ ክርክሩ እንግባ። በሙሴ ሕግ ሰው በንብረቱ ምክንያት በሌላው ላይ ስለሚደርሰው ጉዳት የሚናገሩ ሁለት ትእዛዛት አሉ። አንደኛው ስለሚዋጋ በሬ ነው። በሬው ሰውን ወግቶ ቢገድል፥ ተዋጊነቱ አስቀድሞ ያልታወቀ እንደ ሆነ ባለቤቱ ነጻ ነው፤ ተዋጊነቱ ታውቆ ለባለቤቱ ከተነገረው በኋላ ሳይጠብቀው ቢቀር ግን ከባድ ፍርድ ያገኘዋል። ሁለተኛው ስለ አዲስ ቤት ነው። ጣራው ጠፍጣፋ በሆነበት በዚያ አገር ሰዎች ወደ ጣራ ይወጡ ነበርና፥ ቤት የሚሠራ ሁሉ ሰው እንዳይወድቅ በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዝዟል። ልዩነቱን ልብ እንበል። ስለ በሬው ባለቤቱ የሚጠየቀው ከተነገረው በኋላ ነው፤ ስለ ጣራው ግን ማንም እስኪነግረው፥ ማንም እስኪወድቅ አይጠበቅም፤ አስቀድሞ ሊያስብበት ግዴታ አለበት።

የፍሬን መብራት የቱን ይመስላል? በሬውን ወይስ ጣራውን? «አላወቅሁም» የሚል ነጂ በሬውን ይመስላል ማለቱ ነው፤ ማንም አልነገረኝምና ነጻ ነኝ ይላል። እኛ ግን ጣራውን ይመስላል እንላለን። ምክንያቱም ገር በሬ ድንገት ተዋጊ ይሆናል ብሎ የሚጠረጥር ሰው ጥቂት ነው፤ አምፖል ግን ባሕርዩ መቃጠል ነው። ሰው ከከፍታ ሊወድቅ እንደሚችል ሁሉም እንደሚያውቅ፥ አምፖል ለዘላለም እንደማይበራም መኪና የሚነዳ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ የዚህኛው አምፖል መቃጠል ባይታወቅም፥ አምፖል የሚቃጠል መሆኑ የታወቀ ነው። በመጠየቅ ሊወገድ የሚችል አለማወቅ ከጥፋት አያድንም። ጓደኛውን «እስቲ ከኋላ እየልኝ» ለማለት አንዲት ደቂቃ ብቻ የሚበቃው ሰው ሳይጠይቅ ዓመቱን ቢጨርስ፥ አለማወቁ ከድካም የመጣ ሳይሆን ከቸልተኝነት የመጣ ነው።

በዚህ ላይ ሦስት መቃወሚያዎች ይነሣሉ፤ እነርሱንም ማድመጥ ተገቢ ነው።

አንደኛው፥ «ከኋላ የሚመጣው ርቀቱን ሊጠብቅ ይገባዋል፤ ቢገጨኝ ጥፋቱ የእርሱ ነው» የሚል ነው። ርቀት መጠበቅ የኋለኛው ግዴታ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን የእርሱ ግዴታ የእኛን አይሽረውም። መብራትና ርቀት ሁለት ጠባቂዎች ናቸው፤ ሁለት የሆኑትም አንዱ ሲደክም ሁለተኛው እንዲነቃ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንዲት ሴኮንድ ከ16 ሜትር በላይ ይሄዳል። አሮጌው አምፖል እንኳ ደኅና ሆኖ ሳለ ሽቦው ግሎ እስኪበራ የሴኮንድ አንድ አምስተኛ ያህል ይወስድበታል፤ በዚያም ፍጥነት ይህ ከ3 ሜትር በላይ ነው። ጨርሶ የማይበራ እንደ ሆነ የኋለኛው መቆማችንን የሚያውቀው መኪናችን በዓይኑ ፊት ሲገዝፍ ብቻ ነው። በጨለማና በአቧራ ይህን ለማወቅ ምን ያህል ሜትር እንደሚያልፍ አንባቢው ይገምተው።

ሁለተኛው መቃወሚያ ከድህነት የሚነሣ ስለ ሆነ በትሕትና ልንመልስለት ይገባል። ለልጆቹ እንጀራ ለማግኘት የሚሮጥ ነጂ ለመኪናው ሁሉን ማሟላት አይችልም። ጎማውም አርጅቷል፥ ሞተሩም ይጨሳል። እኛም ሰው ከአቅሙ በላይ ይጠየቃል አንልም። የጥንቃቄ ግዴታ በሦስት ነገር ይመዘናል፤ ጉዳቱ ምን ያህል ከባድ ነው? መከላከያው ምን ያህል ያስወጣል? ዘዴውስ ለሁሉ የቀረበ ነውን? ሞተር ማደስ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃልና ድሃው ቢያዘገየው ማንም አይፈርድበትም። አምፖል ግን ከመኪና መለዋወጫ ሁሉ እጅግ ርካሽ ከሆኑት አንዱ ነው፤ ብርጭቆ ወረቀትም እንዲሁ። ጉዳቱ ሞት፥ ዋጋው ጥቂት፥ ዘዴውም ቀላል በሆነበት ስፍራ የድህነት ምክንያት ይሳሳል። መኪናው የሌላ ሰው ከሆነ ደግሞ ጥያቄው ወደ ባለ ንብረቱም ይሄዳል። ያው ሕግ ጕድጓድ ቆፍሮ ሳይከድን የተወውን ሰው፥ በጕድጓዱ ለወደቀው እንስሳ እንዲከፍል ያዛል። ትርፉን ለራሱ ወስዶ ጥገናውን ለነጂው የሚተው ባለ መኪና ጕድጓዱን ከፍቶ እንደ ሄደ ሰው ነው።

ሦስተኛው፥ «መንግሥት በየዓመቱ መርምሮ ቦሎ ሰጥቶኛል፤ ከዚህ በላይ ምን አለብኝ?» የሚል ነው። የዓመቱ ምርመራ መልካም ነው። ነገር ግን አምፖሉ በምርመራው ማግሥት ሊቃጠል ይችላል። ወረቀቱ ባለፈው አንድ ቀን ስለ ነበረው ይመሰክራል እንጂ ዛሬ ማታ ስለሚሆነው አይመሰክርም። ሕግ ከሁሉ የሚያንሰውን ያዛል፤ የቀረውን ለሕሊና ትቶታል።

ከጠፋ መብራት የሚከፋም አለ፤ እርሱም ውሸተኛ መብራት ነው። ማብሪያዋ ተጣብቃ ሳታቋርጥ የምታበራ መኪና ሁልጊዜ «እያቆምሁ ነኝ» ስለምትል በእውነት በምታቆምበት ጊዜ የሚያምናት የለም። ሁልጊዜ የሚናገር ምንም እንዳልተናገረ ነው። ቀዩ ክዳን ተሰብሮ ነጭ ብርሃን ከኋላ የሚወጣ እንደ ሆነም፥ የኋለኛው መኪናው ወደ እርሱ የሚመጣ መስሎት ይደናገጣል። እንዲሁም የተቃጠለውን ፊውዝ በወፍራም ሽቦ የሚተካ ሠራተኛ አለ። መብራቱ በርግጥ ይበራል፥ ባለ መኪናውም አመስግኖ ይከፍላል፤ ነገር ግን ፊውዝ የተሠራው ሽቦው ከመጋሉ በፊት ራሱ እንዲቃጠል ነበረ። ሰሊጥ ወይም ጥጥ በጫነ መኪና ላይ እንዲህ ያለው ጥገና እሳትን እንደ መሸከም ነው። የጥገና እውነተኛነት በዛሬ መብራት ብቻ አይታወቅም፤ ሠራተኛው ማንም በማያየው ስፍራ ባደረገው ይታወቃል።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላው ወገን እንዙር። ጕድለቱን ባለቤቱ ካላየው ማን አየው? ከኋላው የተከተለው አይቶታል። እንግዲህ ዕውቀቱ ያለው በአንዱ ዘንድ፥ ሥልጣኑ ያለው በሌላው ዘንድ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ድልድይ ንግግር ብቻ ነው። በመተማ ሻይ ቤት አጠገብ ሁለቱ መኪናዎች ጎን ለጎን ሲቆሙ፥ «ወንድሜ፥ የቀኙ የፍሬን መብራትህ አይበራም» ማለት ምን ያስከፍላል? ስለ በሬው የተነገረው ሕግም በዚህ ላይ ኃይሉን ያገኛል፤ የተነገረው ሰው ከዚያ ወዲያ «አላወቅሁም» ሊል አይችልም። አይቶ ዝም ያለውም ከጥፋቱ ተካፋይ ነው። ተነጋሪውም በበኩሉ ምክሩን እንደ ስድብ ሊቆጥረው አይገባም። በደጋው አገር ሰው ስለ ጕድለቱ ሲነገረው ክብሩ የተነካ ይመስለዋል፤ ተናጋሪውም ይህን ስለሚያውቅ በይሉኝታ ዝም ይላል። በዚህ ይሉኝታ የስንቱ ሰው ጀርባ ጨለማ ሆኖ ቀርቷል! ጕድለታችንን የሚነግረን ሰው ስለ እኛ የቆመ መስታወት ነውና «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፥ ወንድሜ» ሊባል ይገባዋል።

አምፖሉ ደኅና ሆኖ ሳለም ነጂው ዝም የሚልበት ጊዜ አለ። ከአይከል ወደ ቆላው የሚወርድ ጠንቃቃ ነጂ ፍሬኑ እንዳይግል ማርሽ ቀንሶ በሞተሩ ኃይል ይቀዘቅዛል፤ ይህም የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ፔዳሉ ስላልተረገጠ መብራቱ አይበራም፤ ከኋላ ያለው መቀዝቀዙን አያውቅም። ስለዚህ ፍሬኑን በእግር ጫፍ ነካ ነካ አድርጎ ማስታወቅ መልካም ልማድ ነው። ለራሳችን የተጠነቀቅንበት ነገር ለሌላው ወጥመድ እንዳይሆን መጠበቅ የዚሁ ጥንቃቄ ክፍል ነውና።

መሣሪያ ብቻውን እንደማይበቃም ከሩቅ አገር አንድ ምስክር እንጥራ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1974 ጆን ቮቮድስኪ የተባለ የሥነ ልቡና ሊቅ በሳን ፍራንሲስኮ ታክሲዎች የኋላ መስኮት ሥር ተጨማሪ የፍሬን መብራት አድርጎ ቢፈትን፥ ከኋላ የመገጨት አደጋ ከግማሽ በላይ ቀነሰ። ከ1986 ጀምሮም በአሜሪካ በአዳዲስ የቤት መኪናዎች ሁሉ ላይ ታዘዘ። ነገር ግን ሦስተኛው መብራት በሁሉ መኪና ላይ ሲሆን ዓይን ለመደው፤ ከብዙ ዓመታት በኋላ ሲመረመር ጥቅሙ 4.3 ከመቶ ሆኖ ተገኘ። ይህም ቢሆን ብዙ ሕይወትን የሚያድን ነውና አይናቅም። ትምህርቱ ግን ግልጥ ነው፤ ምልክት ኃይል የሚኖረው የሚልከው ሰው ሲታመንና የሚቀበለው ሰው ነቅቶ ሲገኝ ነው።

በኅዳር 2013 ዓ.ም. ከትግራይ የተሰደዱ ብዙ ሺህ ወገኖች በገዳሪፍ አውራጃ ባለችው በኡም ራኩባ ተጠልለው ነበር። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ደግሞ በሱዳን ጦርነት ሲነሣ ብዙ ሺህ ሰዎች በዚሁ በገዳሪፍና በገላባት መንገድ ወደ መተማ መጡ። አንዱ የሌላውን ደጅ በተራ አንኳኳ። በእንዲህ ያለ ጊዜ በአሮጌ መኪና ላይ እናት፥ ሕፃንና ሽማግሌ ተጭነው፥ ሌላውም መኪና እንዲሁ ተጭኖ በጨለማ ይከተለዋል። ከኋላ የሚመጣው ማን እንደ ሆነ፥ ከየትኛውም አገር እንደ ሆነ አይታወቅም። የፍሬን መብራትም ይህን አይጠይቅም፤ ለመጣው ሁሉ ይበራል።

እንግዲህ ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው። ሰው ሊያየው በማይችለው ጕድለት ሊጠየቅ አይገባም፤ ነገር ግን ብቻውን ሊያየው የማይችለውን ከሌላ ሰው ጋር ሆኖ ሊያየው ከቻለ፥ ስላልጠየቀ ይጠየቅበታል። ብዙው የሕይወታችን ክፍል ከጀርባችን ነው። ቃላችን ከአፋችን ከወጣ በኋላ፥ ሥራችን ከእጃችን ከወጣ በኋላ በሌላው ላይ የሚያደርገውን እኛ አናየውም፤ ከኋላችን ያሉት ልጆቻችንና ጎረቤቶቻችን ግን ያዩታል። ስለዚህ ዛሬ ማታ መኪና ያለው ሰው ልጁን ወይም ጎረቤቱን ጠርቶ ከኋላ ያቁመው፤ ፔዳሉንም ረግጦ «በራ ወይ?» ይበለው። መኪና የሌለው ሰውም ይህንኑ ጥያቄ ለሚያምነው ወዳጁ ያቅርብ፤ መልሱንም ሳይቆጣ ይስማ።